የአቶ ጋሻው ጀሪካን

እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። መቐለ የኖረ ሰው ይህን ሲሰማ አይደነቅም። የመጣ ለት ሁላችንም ሥራችንን ጥለን ጀሪካን እንደረድራለን፤ እኔ የምደረድረው ሦስት ነው። ባለፈው ሳምንት አንዷ ብታፈስብኝ በምትኳ ዘይት የነበረባት ቢጫ ጀሪካን ገዛሁና ደጅ ላይ ቁጭ ብዬ በሙቅ ውሃ፣ በሳሙናና በአሸዋ አጠብኳት። ስጨርስ አፍንጫዬን ወደ አፏ ሰደድኩ። ያ ሽታ አልለቀቀም። ሞቅ ያለ፣ ትንሽ የሚያስነጥስ፣ ከዘይትም ከፕላስቲክም የተቀላቀለ ነገር ነው።

የግቢ ጎረቤቴ አይታኝ ሳቀች። «ሁለት ሰው ሆናችሁ ሦስት ጀሪካን ምን ያደርግላችኋል? ደግሞስ ጀሪካን ማን ያሸታል?» አለችኝ።

«ሦስተኛዋ የእኔ አይደለችም» ብዬ አለፍኩት። የማን እንደሆነች ለመናገር ጊዜ ይፈልጋል። አሁን ግን ጊዜ አለኝ።

አሥር ዓመቴ ነበር። እናቴ ከመቐለ የአንድ ሰዓት መንገድ የምትርቅ የገጠር ከተማ የማዘጋጃ ቤት ኃላፊ ሆነችና አዲስ አበባ የነበረውን ቤታችንን ለቀን ሄድን። አባቴ «ለበዓል እመጣለሁ» ብሎ ሥራው ላይ ቀረ። እናቴ የመቐለ ልጅ ናት፤ ወደ አገሯ እንደገባች ነው የቆጠረችው። የእኔ ትግርኛ ግን እናቴ ስትቆጣኝ ከምትናገረው አያልፍም ነበር። ስለዚህ የማውቀው ትእዛዝና ግሣጼ ብቻ ነው።

የደረስነው በጥር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከሚኒባሱ ስንወርድ አቧራው ቅንድባችን ላይ ሳይቀር ተቀምጦ ነበር። ቤታችን ከጽሕፈት ቤቱ ጎን ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ናት። በሩ ላይ አንድ ቢጫ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ቆሞ ጠበቀን። ክዳኑ ጠፍቶ የበቆሎ ቆረቆንዳ ተወትፎበታል። እንዴት እንደጠማኝ! ቆረቆንዳውን ነቅዬ ብርጭቆ ሳልፈልግ በእጄ እፍኝ ጠጣሁ። ውሃው ዘይት ዘይት፣ በቆሎ በቆሎ ይላል፤ ቢሆንም ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ የጣመኝ ውሃ የለም። እናቴ የጽሕፈት ቤቱ ዘበኛ ያስቀመጠው መስሏት አልጠየቀችም። እኔ ደግሞ እዚህ አገር ቤት ከነአምፖሉ፣ ከነቁልፉ፣ ከነውሃው የሚሰጥ መሰለኝ። በማግሥቱ ባዶውን ደጅ ብናወጣው ከቀትር በፊት ጠፋ። አዝኜ ነበር፤ የቤቱ ዕቃ የተሰረቀ ነው የመሰለኝ።

የከተማ ኃላፊ ሲባል እኔ የሚሽከረከር ወንበር ነበር የጠበቅኩት። ያገኘሁት አንድ ክፍል፣ ሁለት ጠረጴዛና የማይዘጋ የብረት ሣጥን ነው። ማኅተሙ ሌሊትም ቀንም እናቴ ቦርሳ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ስለዚህ ሰው ቁርስ ላይ ሳለን ሳይቀር ወረቀት ይዞ ይመጣል። የእከሌ ላም የእከሌን ጓሮ በላች። የገበያ ቀን አህዮች የት ይታሰሩ? የታችኛው ሰፈር ቦይ በጭቃ ተደፈነ። የመንገዱ አምፖል ተቃጠለ፣ የትምህርት ቤቱ አጥር ተገፋ። እናቴ ይህን ሁሉ እንጀራዋን እያጎረሰችኝ ትሰማና «ሐሙስ እናየዋለን» ትላለች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ካለው የግራር ዛፍ ሥር ስብሰባ አለ፤ የከተማዋ ነገር በሙሉ የሚያልቀው እዚያ ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን የውሃ ነገር ነበር። ከተማዋ ያላት አንድ ቦኖ ነው፤ ቦኖ ማለት የሕዝብ የውሃ ቧንቧ ነው። ጠዋት ለሁለት ሰዓት፣ እኛ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደግሞ ለሁለት ሰዓት ይከፈታል። ቁልፉ ያለው አደይ አብረኸት አንገት ላይ ነው፤ በትግርኛ ትልቅ ሴት በአክብሮት አደይ፣ ትልቅ ወንድ አቦይ ይባላል። አደይ አብረኸት ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ቀጭን፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ባላቸው ሞቷል፣ ልጅም አልነበራቸውም፤ ያ ቁልፍ ትዳራቸውም ልጃቸውም ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሰው ራሱ አይሰለፍም፤ ድንጋይ ነው የሚሰለፈው። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ድንጋይ አለው። የእኛ ጠፍጣፋና ቀላ ያለ ነበር። ድንጋይህን አኑረህ መሄድ ትችላለህ፤ ተራህ ሲደርስ ካልተገኘህ ግን አደይ አብረኸት ድንጋይህን አንሥተው ጅራት ላይ ያኖሩታል። አይጮኹም፣ አይከራከሩም፣ የማንም ልጅ ብትሆን ግድ የላቸውም።

ውሃ መቅዳት የእኔ ሥራ ሆነ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ዘበኛው አቦይ ገብረሕይወት በድምፅ ማጉያ «ሎሚ ማይ ኣሎ!» እያሉ ሲዞሩ ሰማሁና ጀሪካኑን ትቼ ብርጭቆ ይዤ ሮጥኩ። የሎሚ ውሃ የሚታደል ነበር የመሰለኝ። ቦኖው ጋ ያለው ሰው በሙሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጎረቤታችን ለምለም፣ የክፍሌ ልጅ፣ ሎሚ ማለት «ዛሬ» እንደሆነ በጆሮዬ ነገረችኝ። ያን ቀን ማልኩ፤ ሁለተኛ ቃል አያታልለኝም አልኩ። ምን ቆርጦኝ እንደማልኩ እንጃ።

ትምህርት ቤትም ያው ነበር። በሒሳብ ተማሪው የሚስቅብኝ በቁጥሩ ሳይሆን በአጠራሬ ነው። የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ግን ንግሥት ነኝ። ያን ወር መምህራችን የማመልከቻ አጻጻፍ እያስተማረን ነበር። ቀን ከላይ በቀኝ፣ ጉዳዩ መሐል ላይ፣ «በታላቅ ትሕትና» መጨረሻ ላይ። «የሰው ስም ሲጠራ ማዕረግ አይቀርም። አቶ፣ ወይዘሮ፣ ወይዘሪት። ባለጌ ብቻ ነው ስም በደረቁ የሚጽፍ» ይለን ነበር። ይህቺን ትምህርት እንደ ጸሎት ያዝኳት።

የካቲት አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ድንጋዬን አኑሬ ከለምለም ጋር ሰኞ ማክሰኞ ስጫወት ተራዬ አለፈ። ተመልሼ ስመጣ ቀዩ ድንጋይ ጅራት ላይ ተቀምጧል። «አንዴ ብቻ፣ አደይ» ብዬ ለመንኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። እሺ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ነገር ግን ቆሜ ስቁነጠነጥ አንድ ነገር አየሁ። ከፊት ሦስተኛ ላይ ያለች ትንሽ ነጭ ድንጋይ ተራዋ ሲደርስ ማንም አልመጣም። አደይ አብረኸት ጅራት ላይ አላኖሯትም። ከቆርቆሮ ቤታቸው ውስጥ አንድ ጀሪካን አውጥተው ሞሉ፣ መልሰው አስገቡ። በማግሥቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን አላስቻለኝም።

«ናይ መን እያ?» አልኩ፤ የማን ናት ማለቴ ነው።

«ናይ ጋሻ እያ» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

ጋሻ! የሰው ስም ነው፤ አዲስ አበባ ጎረቤታችን ጋሻው ነበር፣ እኛም ጋሻ እያልን ነበር የምንጠራው። ቅጥል አልኩ። እኔ ለጨዋታ ትንሽ ብዘገይ ጅራት ላይ ተጣልኩ፤ ይህ ሰውዬ አንድ ቀን እንኳ ብቅ ሳይል በየቀኑ ይቀዳለታል።

በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ አረንጓዴ የአስተያየት ሣጥን ተሰቅሏል። ከሸረሪት በቀር የገባበት የለም። እናቴ ግን ሥራ የጀመረች ለት «እዚህ የገባ ነገር ሁሉ ሐሙስ በሰው ፊት ይነበባል» ብላ ቃል ገብታለች። እኔም እናቴ ጽሕፈቴን እንዳትለየው በግራ እጄ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ጉዳዩ፦ አቤቱታ ማቅረብን ይመለከታል። የቦኖ ጠባቂዋ ወይዘሮ አብረኸት አንድም ቀን ተሰልፈው ለማያውቁት ለአቶ ጋሻው በየቀኑ አንድ ጀሪካን ውሃ እንደሚሞሉ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ስለሆነም አስፈላጊው እርምጃ እንዲወሰድልኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ። አንድ ተበዳይ።»

በውበቱ ራሴ ተገረምኩ። እጥፍጥፍ አድርጌ ከተትኩት።

ሐሙስ በመስኮታችን ተንጠልጥዬ ሰማሁ። ጸሐፊው ወረቀቱን በአማርኛ አነበበና ወደ ትግርኛ መለሰው፤ «አቶ ጋሻው» የሚለውን «ኣይተ ጋሻው» አለው። ሰው አጉረመረመ። ጋሻው የሚባል ሰው በከተማው የለም፣ ስሙም የመሃል አገር ስም ነው። አንዱ ተነሥቶ «ከመንገድ ሠራተኞቹ መሐል እንዳይሆን» አለ። ከከተማው ጫፍ ድንኳን ተክለው የውሃ መፋሰሻ ቱቦ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ፤ በቦኖ ውሃ ሲሚንቶ እንዳያቦኩ እናቴ ከልክላ ከወንዝ እንዲቀዱ አዝዛለች። አቦይ ገብረሕይወት ሄደው ጠየቁ። የጉዱ ጉድ፣ ጋሻው የሚባል ተገኘ! ጫማው ሲሚንቶ የለበሰ ቀጭን ወጣት ይዘው መጡ። እኔ መስኮቱ ላይ በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝም። ሰውዬው ማለ፣ ተገዘተ፤ የቦኖውን ውሃ በዓይኔም አላየሁት አለ። ማን ይመነው?

እናቴ «ይህን ሰው ያውቁታል?» ብላ ጠየቀች።

«ኣይፈልጦን» አሉ አደይ አብረኸት። አላውቀውም ማለታቸው ነው። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሰዉ ግን ሰውዬው ፊታቸው ቆሞ «አላውቀውም» ማለታቸውን እንደ ድርቅና ቆጠረው።

እናቴ ነገሩ ተጣርቶ እስኪያልቅ ቁልፉን እንዲያስረክቡ ወሰነች። ሌላ ምን ታድርግ? ለሰው ሁሉ ቃል ገብታለች። አደይ አብረኸት ገመዱን ከአንገታቸው አወጡ፤ ሻሻቸው ላይ ስለተያዘ ትንሽ ታገላቸው። ጠረጴዛው ላይ አኑረው ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። ያን ጊዜ እንኳ ደስ ብሎኛል። ይህን መናገር ያሳፍረኛል፣ ግን ደስ ብሎኛል።

ደስታው ሳምንት አልቆየም። ቁልፉን አቦይ ገብረሕይወት ያዙ። ደግ ሰው ናቸው፤ ማንም «እባክዎ» ካላቸው ያሳልፋሉ። በሦስተኛው ቀን ድንጋዮቹ በእግር ይገፉ ጀመር፤ የሁለት ጎረቤታሞች ጀሪካን በጭቅጭቅ ተቀደደ። የእኛ ቀይ ድንጋይ ጠፋና በቦይ ውስጥ አገኘሁት። ነጯ ድንጋይ የት እንደገባች ያየ የለም። አደይ አብረኸት እንደማንኛውም ሰው ድንጋያቸውን ጅራት ላይ አኑረው ከግራሩ ሥር ይቀመጣሉ። አጠገባቸው የሚቀመጥ የለም። አንድ ቀን አንዲት ሴት ሰላምታቸውን ሳትመልስ ስታልፍ አየሁ። እኔን ግን «ከመይ ኣለኺ፣ ጓለይ» ይሉኛል፤ ደኅና ነሽ ልጄ ማለት ነው። እኔ ጫማዬን እያየሁ አልፋለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ በገበያ ቀን፣ ወደ መቐለ የሚሄድ አንድ ሚኒባስ ጎማው ፈነዳና ተሳፋሪው ወረደ። ከመካከላቸው አንዲት ሴት የታመመ ሕፃን አዝላለች፤ ወደ ዓይደር፣ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ነው የምትወስደው። ባዶ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ ወደ ቦኖው መጣች። ቦኖው ተዘግቷል። አቦይ ገብረሕይወት ቁልፉን ይዘው ገበያ ገብተዋል። እኔና ለምለም እዚያው ነበርን፤ ድንጋያችንን ለከሰዓቱ ልናኖር ነበር የመጣነው። ሴትየዋ ቧንቧውን ነካካችው፣ አንድ ጠብታ አልወጣም። ሕፃኑ ማልቀስም ደክሞት ያቃስታል።

ድንጋይ ልታኖር የመጣች አንዲት አሮጊት ከንፈራቸውን መጠጡ። ያሉትን ለምለም በኋላ በአማርኛ መለሰችልኝ፤ አንዷን ቃል ግን ራሴ ሰማኋት። «አብረኸት ብትኖር የጋሻ ውሃ አይጠፋም ነበር» ነው ያሉት።

ለምለምን ጎተትኳት። «አቶ ጋሻውን እኚህም ያውቋቸዋል እንዴ?»

«የምን አቶ ጋሻው?»

«ጋሻ አሉ'ኮ!»

ለምለም እንደ ሎሚው ጊዜ ልትስቅ ጀምራ ፊቴን ስታይ ተወችው። «ጋሻ እኮ እንግዳ ማለት ነው። መንገደኛ። አደይ አብረኸት በየቀኑ አንድ ጀሪካን ለእንግዳ ይይዙ ነበር፤ ቦኖው ተዘግቶ ለሚመጣ ሰው።»

 ጋሻ ብቻ ብዬ ብጽፈው ሐሙስ ለት ሰው ሁሉ ስቆ በተበተነ ነበር። ያቺ «አቶ» ናት ጉድ ያደረገችን። እንግዳን የሚያህል ነገር ማዕረግ ሰጥቼ፣ መጨረሻው ላይ «ው» ጨምሬ ሰው አደረግኩት።

ወደ ቤት ሮጬ የነበረንን ውሃ በጆግ ይዤ ተመለስኩ። ሴትየዋ ለሕፃኑ ከንፈሩን አርጥባ ጠርሙሷን ሞላች፤ እኔን በትግርኛ ብዙ መረቀችኝ። እያንዳንዱ ምርቃት የአደይ አብረኸትን ገንዘብ እንደሰረቅኩ ያህል ተሰማኝ።

ለእናቴ የነገርኳት ምሳ ላይ ነው። ሁሉንም ዘከዘክሁ፤ ሰኞ ማክሰኞውን፣ ግራ እጄን፣ አቶዋን። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። የምትስቅ መስሎኝ እኔም ፈገግ አልኩ። ነጠላውን ስታወርድ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

«ቁልፉን በእጄ ነው የተቀበልኳቸው» አለች። ቀጥላም «አንዲት ጥያቄ ብጨምር ኖሮ ይነግሩኝ ነበር። ጋሻውን ያውቁታል ወይ አልኩ እንጂ ውሃውን ለማን ነው የሚሞሉት አላልኩም» አለች። ይህን የተናገረችው ለእኔ አልነበረም።

«እኔ ምን ላድርግ?» አልኳት።

«በማመልከቻ ያስገባሽውን በማመልከቻ ታወጪዋለሽ። በቀኝ እጅሽ፣ በስምሽ። የምታነቢው አንቺ ነሽ፤ በትግርኛ።»

ሐሙስ ግራሩ ሥር ቆምኩ።  ለምለም ያስጠናችኝን ሳነብ አደይ አብረኸትን «እሱ» እያልኩ ወንድ አደረግኳቸው፤ ሰው ሳቀ። «ጋሻ ማለት እንግዳ መሆኑን አላወቅኩም» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቁ ጨመረ፣ አንዳንዱ ግንባሩን መታ። ያ ጫማው ሲሚንቶ የለበሰ ወጣት ከኋላ ቆሞ «እኔስ ስሜን ላስቀይር ነበር» አለ በአማርኛ። እሱም ሲስቅ ቀለል አለኝ።

አደይ አብረኸት ግን አልሳቁም። እናቴ ተነሥታ በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠይቃ ቁልፉን ዘረጋችላቸው። አልተቀበሏትም።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰው ሰላምታዬን ሲነሣኝ ነበር» አሉ። «ይህ ሁሉ ሰው ከዚያ ጀሪካን ጠጥቷል። አንድ ሰው ተነሥቶ አብረኸት እንዲህ አታደርግም አላለም። ልጅቷማ ልጅ ናት፤ ቋንቋ ነው የጠፋት። እናንተ ምን ጠፍቷችሁ ነው?»

 ያቺ ሰላምታ የነሣቻቸው ሴት አንገቷን ደፋች። አደይ አብረኸት የጠየቁት ጥፋታቸው በቃለ ጉባኤው እንደተጻፈ ሁሉ ንጽሕናቸውም እንዲጻፍና ማኅተም እንዲያርፍበት ነው። ጸሐፊው እዚያው ጻፈ። እናቴ ማኅተሙን ከቦርሳዋ አውጥታ ሁለት ጊዜ እፍ ብላ መታችው። አደይ አብረኸት ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ሐምራዊውን ክብ ግን ጣታቸውን ሳያስነኩ ብዙ አዩት። ከዚያ ገመዱን በአንገታቸው አጠለቁ።

ወደ እኔ ዞሩ። «ነገ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ነይ። የጋሻን ጀሪካን ታጥቢያለሽ። ሦስት ሳምንት ሳትነካ ሻግታለች።»

በማግሥቱ ሄድኩ። ነጭ ድንጋይ ከየት እንዳመጡ እንጃ፣ ሦስተኛ ላይ ተቀምጣለች። ከቆርቆሮ ቤታቸው ውስጥ ጀሪካኗን አውጥተው ሰጡኝ። እስከዚያ ቀን ከሩቅ እንጂ ከቅርብ አይቻት አላውቅም። ክዳን የላትም። አፏ ላይ የበቆሎ ቆረቆንዳ ተወትፏል።

ቆረቆንዳውን ነቀልኩና አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ዘይት ዘይት፣ በቆሎ በቆሎ ይላል። ያ ቅዳሜ፣ ቅንድቤ ላይ ያለው አቧራ፣ በእጄ እፍኝ የጠጣሁት ውሃ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነበር። ያን ቀን በከተማዋ ውስጥ አንድ ሰው አናውቅም ነበር። ቀና ስል አደይ አብረኸት እያዩኝ ነው።

«ቤቱ ከነውሃው የተሰጠን መስሎኝ ነበር» አልኩ፤ በየትኛው ቋንቋ እንዳልኩት አላስታውስም። ማልቀስ ጀመርኩ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ያላየሁትን ሳቅ ሳቁ። «እጠቢያ በይ፣ ኣይተ ጋሻው» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።